የእትዬ ሚስ ኮል

ስልኬ አንድ ጊዜ ጮኾ ከተቋረጠ ነገሩ ውኃ ነው። ሁለት ጊዜ ከጮኸ መብራት ነው። ሦስት ጊዜ ጮኾ ጸጥ ካለ ተከራይ ነው። አራተኛ ጩኸት የለም። አራት ጊዜ ያስጮኹት ስልክ ሳይታሰብ ሊነሳ ይችላል፤ ከተነሳ ካርድ ይበላል፤ እትዬ ደግሞ በእኔ ቤት ጉዳይ የእሳቸው ካርድ የሚበላበት ምክንያት አይታያቸውም።

እትዬ የአባቴ እህት ናቸው። ወልድያ፣ ወደ ጎንደር በር ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ አባቴ ትቶልኝ ከሞተው ቤት ጋር አጥር ለአጥር ይኖራሉ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። በመካከላችን 520 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ቤቱን የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው። ማን ሾማቸው ብትሉኝ መልስ የለኝም። ከቀብር መልስ፣ ድንኳኑ ሳይነሳ፣ ቁልፉን ከምስማሩ አወረዱና መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ሹመቱ በዚያው ጸደቀ።

በቀደም ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ስልኬ አንድ ጊዜ ጮኸ። ውኃ ነው ማለት ነው። አለቃዬን ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁና ደወልኩ።

«እትዬ፣ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ፤ አብሽር። ሮቶው ነው።»

«ሮቶው ምን ሆነ?»

«ሮቶውማ ደኅና ነው። ከሥሩ ያለው ነው የተሰነጠቀው።»

«ከሥሩ ያለው ምንድን ነው?»

«ሮቶ ነዋ!»

ስብሰባው ውስጥ ተመልሼ ስቀመጥ ሰው ለመቅጠር ወስኜ ነበር።

ግን ምን ዓይነት ሰው? ሥራ አስኪያጅ ለድርጅት ነው። አስተዳዳሪ ለወረዳ ነው። ወኪል ለክስ ነው። ደላላ ለሁሉም ነው። የሰው ቤት እየዞረ የሚያይ፣ ኪራይ የሚሰበስብ፣ ቧንቧ የሚያስጠግን ሰው ግን በእኛ ዘንድ የሥራ ስም የለውም። «የባለቤቱ ዘመድ» ነው የሚባለው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባላል፤ አመዱ ላይ የምንከባለለው እኔና እትዬ ነን።

እትዬን ላማቸው አልፈልግም። ተከራይ መምረጥ ያውቁበታል። ደሞዙን አይጠይቁም፤ ቅሬ ይገባ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ሰው ሲሞት የማይቀብር ሰው ቤት ቢያቃጥል አይገርምም ይላሉ። የሚቸገሩት ተከራዩ ከገባ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ተከራይ መሆኑ ይቀርና የሰው ልጅ ይሆንባቸዋል።

ሰርቪሱን የያዘው መምህር ነው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ሥራ ከጀመረ በኋላ ከመጡት አንዱ ነው። «ለጊዜው ነው» ብሎ ገባ። ጊዜው ይኸው 12 ዓመት ሆነው። እዚያው አገባ፤ እዚያው ወለደ፤ ልጆቹ እትዬን አያቴ ይሏቸዋል። አያት ደግሞ በልጅ ልጇ አባት ላይ ኪራይ ስትጨምር የታየችበት አገር የለም።

ትልቁን ቤት የያዘው ከመርሳ ማንጎና ፓፓያ እያመጣ የሚነግድ ሰው ነው። አንድ ግንቦት ገበያው ቀዘቀዘበትና ኪራዩን በማንጎ ከፈለ። እትዬ ተቀበሉ። ግማሹን ለጎረቤት አደሉ፤ ግማሹን በካርቶን አድርገው በአውቶቡስ ላኩልኝ። ካርቶኑ አዲስ አበባ ሲደርስ ከላይ ያለው ማንጎ፣ ከታች ያለው ጭማቂ ነበር። የወር ኪራዩን በማንኪያ የበላ አከራይ ከእኔ ሌላ ካለ እጁን ያውጣ።

ኪራይ ጨምሩ ሳልላቸው ቀርቼ አይደለም። በ2009 ባለ 25 ሺህ መቀመጫው የሼህ አል-አሙዲ ስታዲየም ሲመረቅ ደወልኩ። «ኳስ ሊያይ የመጣ ሰው ከእኛ ቤት ምን አለው?» አሉኝ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር ሐዲድ በሚዘረጋበት ሰሞን፣ ደላላው ሁሉ ባቡሩ ሳይደርስ ኪራዩን አስቀድሞ ሲያደርስ፣ እንደገና ደወልኩ። «መጣ እንዴ ባቡሩ?» አሉ። አልመጣም አልኩ። «ሲመጣ እንነጋገራለን» አሉኝ። እስካሁን አልተነጋገርንም።

ችግሩ ቡናው ነው። እትዬ ከተከራይ ጋር ያለ ቡና አይነጋገሩም። አቦል ላይ የልጆች ጤና ይጠየቃል። ቶና ላይ የኑሮ ውድነት ይነሳል፤ ጤፍ፣ ዘይት፣ የትምህርት ቤት ደብተር። በረካ ላይ ስለ ኪራይ ይወራል የተባለ ነው፤ ነገር ግን ቶና ላይ የተባለውን ሁሉ ሰምቶ፣ ከንፈሩን መጦ፣ በረካ ላይ «እንግዲህ ኪራይ ጨምር» የሚል ሰው ምን ዓይነት ፊት ይኖረዋል?

አንድ ወዳጄ የወልድያ ልጅ አገናኘኝ። ማኔጅመንት የተመረቀ ነው፤ የሰው ቤት በኮሚሽን ያከራያል። የሚሠራውን በቴሌግራም ጻፈልኝ፦ ተከራይ ይመርጣል፣ ውል ያስፈርማል፣ ኪራዩን በቀኑ ሰብስቦ ባንክ ያስገባል፣ በየሦስት ወሩ ቤቱን ዞሮ አይቶ ፎቶ ይልካል። ክፍያው ከኪራዩ 10 በመቶ ነው። መጨረሻው ላይ «ከሰላምታ ጋር» ይላል። በዚያ ቤት ጉዳይ ከሰላምታ ጋር የጻፈልኝ ሰው ስለሌለ አንጀቴ ተላወሰ።

ወረቀት አወጣሁ። የሁለቱ ቤት ኪራይ 8,000 ብር። 10 በመቶው 800። በዓመት 9,600።

እትዬስ ስንት ያስወጡኛል? ቡና በየወሩ። ስኳር በየወሩ። ለፋሲካ ነጠላ። ለመውሊድና ለአረፋ ለጎረቤቶቻቸው የሚሆን፤ ወሎ ነውና ጎረቤት የሚያከብረው በዓል እኔም ጋ ይደርሳል። ለሚስ ኮል መልስ የማጠፋው ካርድ። ያልተጨመረው ኪራይ። ማንጎው። ድምሩ ከ9,600 አልፎ ሄደ። ደስ አለኝ። ሰው መቅጠር በሒሳብም ይረክሳል ማለት ነው። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ኧረ ግን አንድ ነገር ደብቄያችኋለሁ። እኔ ራሴ ተከራይ ነኝ። የአዲስ አበባዋ አከራዬ አሜሪካ ናቸው፤ ቤቱን በውክልና የያዘላቸው ሰው አለ። ይህ ሰው ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ መልእክት ይልካል። ግድግዳ ላይ የአባቴን ፎቶ ልሰቅል ምስማር እንድመታ ሳስፈቅደው «ስንት ሳንቲ ሜትር ነው ምስማሩ?» አለኝ። አምፖል ይቆጥራል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁን፣ ያንን ቁጥር 1320/2016ን፣ እንደ ዳዊት ይደግመዋል፤ በተለይ የሚስማማውን አንቀጽ። በልቤ የምሰጠውን ስም እዚህ ልጽፈው አልችልም። አሁን እኔ ወረቀት አጥፌ ኪሴ ውስጥ የከተትኩት ልክ እንደሱ ያለ ሰው ወልድያ ላይ ለመሾም ነው። ለመምህሩ። ለባለ ማንጎው።

አዋጁን ለእትዬም ነግሬያቸው ነበር። የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም አልኳቸው። «መምህሩ 12 ዓመቱ፤ ምን አነሰው?» አሉ። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም አልኳቸው። «የትኛው ቅድሚያ?» አሉ። ኪራዩ በባንክ ነው የሚከፈለው፣ ውሉም በጽሑፍ መሆን አለበት ስላቸው ተቀየሙ። «አፌ ምን ሆነ?»

የሆነው ሆኖ ውክልናውን ለማዘጋጀት ውልና ማስረጃ ሄድኩ። በር ላይ ኮምፒውተር ዘርግቶ የተቀመጠ ጸሐፊ አለ። ቤት ለማከራየት ብቻ የሚሆን ውክልና ጻፍልኝ አልኩት። አንገቱን ነቀነቀና አተመልኝ። ሳነበው፣ ሰውዬው ቤቴን እንዲያከራይ፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ፣ ለባንክ አስይዞ እንዲበደር ይላል።

«ይሄ ሁሉ ለምን ገባ?»

«ፎርሙ ነው ጋሼ። ይኑር፣ አይጎዳም።»

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከዚህ ጸሐፊ ይልቅ ተጠራጣሪ ነው። ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ማድረግ የሚችለው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው ይላል፤ ቤት ቢያከራይ እንኳ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ነው። ለመሸጥና ለማስያዝ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። እንግዲህ ሕግ አውጪዎቹ ያንን ሁሉ አጥር ያጠሩት «ይኑር፣ አይጎዳም» የሚል ጸሐፊ እንደሚመጣ ስለታያቸው ይሆናል። ወረቀቱን ሳልፈርም ይዤው መጣሁ። ነገሩን ከእትዬ ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ይሻላል አልኩና፣ መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ሰሞን ተሳፈርኩ።

ከደሴ ተነስታችሁ ሐይቅን ስታልፉ ውጫሌን ታገኛላችሁ። እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ በመስኮት አንገቴን አወጣለሁ። ሌላው ሰው ውጫሌን የሚያውቃት በታሪክ ፈተና ነው። ለእኔ የወኪል ነገር የተበላሸባት ከተማ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ምኒልክና አንቶኔሊ የተፈራረሙት ውል አንቀጽ 17 ምንድን ነው? ውክልና ነው! በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ጉዳይ ሲኖራቸው በኢጣሊያ በኩል መላላክ ይችላሉ፤ ከፈለጉ። በጣልያንኛው ፈቃዱ ወጥቶ ግዴታ ገባ። ወኪሉ አውሮፓን ዞሮ «ያንን ቤት የማስተዳድረው እኔ ነኝ» ብሎ አስታወቀ፤ ባለቤቱ የሰሙት በኋላ ነው። ጉዳዩ እልባት ያገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ ላይ ነው። አንድ ወኪል ለመሻር ያን ያህል የደከመ ባለቤት አላውቅም። ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት በእጄ ዳበስኩት። አንቶኔሊም ሳይፈራረሙ በፊት «ይኑር፣ አይጎዳም» ሳይሉ አልቀሩም።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት መርሳ ወራጅ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት ሪያድ ሠርታ የተመለሰች ናት። መርሳ ካለችበት ከሀብሩ ዐረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳልና አልገረመኝም። ወሬ ስንጀምር ስለ ቤቴ ነገርኳት፤ ሳቀች። እሷም መርሳ ላይ ቤት አላት፤ ገንዘቡን እየላከች ወንድሟ ነው ያሠራው። የቆርቆሮ ስትልክ የቆርቆሮ ፎቶ፣ የልስን ስትልክ የልስን ፎቶ ይመጣላት ነበር። ገንዘብ አልበላም፤ እሱን አትጠረጥረውም። ቤቱ ሲያልቅ አከራየው አለችው። «ተከራይ ጠፋ» አላት። አንድ ዓመት ተከራይ ጠፋ። ሁለተኛ ዓመትም ጠፋ። መርሳን የሚያህል መንገድ ዳር ያለ ከተማ!

«ስመጣ ምን አገኘሁ መሰለህ? አግብቶ፣ ሁለት ልጅ ወልዶ፣ ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። ግቢውን ፓፓያ ተክሎበት፣ አፍርቶ። በር ላይ ተቀበለኝና ምን አለኝ? ‹ግቢ እንጂ እህቴ፣ ምን ያሳፍርሻል፤ ቤትሽ'ኮ ነው!›»

አሁን የት ነው ያለሽ አልኳት። እዚያው መርሳ፣ ከጎረቤት አንድ ክፍል ተከራይታለች። ወንድምን ማስወጣት እንዴት ይቻላል? ልጆቹስ? መርሳ ስትወርድ «አንተ ሰው ቅጠር፤ ባዳ ቅጠር» ብላኝ ወረደች። አውቶቡሱ ሲሪንቃን እስኪያልፍ ድረስ ምክሯ ጆሮዬ ላይ ነበር።

ቤቴን አየሁት። ሮቶውንም አየሁት። እትዬ የብረት ማማ ማሠሪያ ሲጠየቁ ብሩ በዛባቸውና አሮጌውን ሮቶ ደፍተው አዲሱን በላዩ አስቀምጠውታል። ሮቶ በሮቶ ላይ። ማኔጅመንት የተመረቀ ሰው ይህን አያስበውም።

ቡናው ቀረበ። በረካ ላይ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተዘጋጀሁ። አቦል ላይ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። ቶና ላይ እኔው ቸኮልኩና «እትዬ፣ እርስዎም ደከሙ፤ ቤቱን የሚያስተዳድር አንድ ሰው...» አልኩ።

«አስተዳደር» የሚለውን ቃል እንደሰሙ ሲኒውን አስቀመጡት። ለካ ቃሉ ቂም አለበት። አያቴ ሁለት ክፍል ቤት እያከራየች ልጆቿን ታሳድግ ነበር። በ1967 ክረምት አዋጅ ቁጥር 47 ወጣና የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ኪራዩ ከመቶ ብር በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ፤ የአያቴ ዓይነቱ ጥቃቅኑ ለቀበሌ ተሰጠ። «እሱ ነው አስተዳደር ማለት» አሉ እትዬ። «እናቴ በመስኮት እያየቻት ቤቲቱ አፈሰሰች። ቆርቆሮዋን የሚመታ ሰው ጠፋ። ተከራዩ መጥቶ ለእናቴ ያለቅስላታል፤ እናቴ ደግሞ መዶሻ ብታነሳ የመንግሥት ንብረት ነው። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው፤ ሰማህ?»

ሰምቻለሁ። ደግሞም ኪሴ ውስጥ ባለው ሒሳብ ላይ ያልጻፍኩት ነገር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

በ2013 ክረምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ ስልክ ተቋረጠ። መስከረም ጠባ፤ ጥቅምት መጣ፤ ኅዳር አለፈ። ያ የሚያናድደኝ ሚስ ኮል ጠፋ። ሌሊት ሌሊት ስልኬን እያነሳሁ አያለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ቢጮህ። ውኃ ቢሆን፣ መብራት ቢሆን፣ የፈለገው ይሁን። ታኅሣሥ ላይ ከተማዋ ነጻ ወጣች ተብሎ፣ ከዚያም መስመሩ ሲከፈት፣ አንድ ቀን አንድ ጊዜ ጮኾ ተቋረጠ። እጄ እየተንቀጠቀጠ መልሼ ደወልኩ።

«እትዬ! አሉ?»

«አለሁ፣ አብሽር። ውኃ የለም። መብራትም የለም። ተከራዮቹም ሸሽተው የት እንዳሉ አላውቅም። ቁልፉ ግን አለ።»

ያን ሁሉ ወር ቁልፉ መቀነታቸው ላይ ነበር። ሰው ሁሉ ሲሸሽ እሳቸው «የልጄን ቤት ለማን ትቼ» ብለው ቀሩ። ዘራፊዎች በሩን ገንጥለው ሲገቡ እሳቸው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ነበር አሉ ጎረቤቶች። አሮጌው ሮቶ የተሰነጠቀው ያኔ፣ ከዘራፊ ሊያተርፉት ብቻቸውን ወደ ጓዳ ሲያንከባልሉት ነው። አሁን ስንጥቁ ሰፋ እንጂ አዲስ አይደለም። ይህንን ከ8,000 ብር ላይ ስንት በመቶ ብዬ ልጻፈው?

በረካው ቀረበ፤ ጠጣሁ። ያሰብኩትን አልተናገርኩም። መምህሩ ከ12 ዓመት በፊት ምን እንደደረሰበት አሁን ገባኝ።

ጨርሼ ግን አልተሸነፍኩም። ስነሳ፣ ጫማዬን እያሠርኩ፣ ልክ አሁን ትዝ እንዳለኝ ሁሉ «አንድ ልጅ ይመጣል፤ ቤቱን ዝም ብሎ ያያል፤ ምንም አይደለም» አልኩ። «ይምጣ» አሉ። «ቤት ለእንግዳ ነው።» አዲስ አበባ ተመልሼ ለልጁ በቴሌግራም ጻፍኩለት። መጨረሻው ላይ ከሰላምታ ጋር አልኩ።

ሳምንት አለፈ። ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስልኬ አንድ ጊዜ ጮኸ። ውኃ። ሁለት ጊዜ። መብራት። ሦስት ጊዜ። ተከራይ። አራተኛ ጮኸ። ከወንበሬ ተነሳሁ። አምስተኛውን በሩ ላይ አነሳሁት።

«እትዬ! ምን ሆኑ?»

«ምን እሆናለሁ? ያ የላክኸው ልጅ መጥቶ ነበር።»

«እሺ?»

«ቡና አፈላሁለት። ሸጋ ልጅ ነው፤ እናቱንም አውቃታለሁ ለካ። አሥር በመቶ አሥር በመቶ እያለ ሲያወራኝ፣ የት ነው የምታድር ብዬ ጠየቅኩት። አከራዬ አስወጥቶኝ ከጓደኛዬ ጋር ተጠግቻለሁ አይለኝም!»

«እና?»

«እናማ፣ የጓሮዋን ክፍል ሰጠሁት።»

«ሰጠሁት ማለት... በስንት?»

«አንተ ደግሞ! ትናንት የገባ ልጅ ኪራይ ይጠየቃል? ሲደላው የሚሰጠውን ይሰጣል።»

«እትዬ፣ እሱ'ኮ ቤቱን ሊያስተዳድር ነው የመጣው!»

«ያስተዳድራል እንጂ፤ ማን ከለከለው? ሮቶውን ዛሬ ጠዋት በሽቦ ጥፍር አድርጎ አስሮታል። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ ብዬ ነው የደወልኩት፤ መብራቱን ከመምህሩ ቆጣሪ ነው የምናስቀጥልለት ወይስ ለብቻው...»

መስመሩ ተቋረጠ። ካርዳቸው አልቆ ነው።

መልሼ ደወልኩ።